ቁልቁለቱን የከለከለችው ባለቤቴ

ባለቤቴ ስኩተር መንዳት የተማረችው ከሌላ ወንድ ነው። ብስክሌት እንኳን በቅጡ የማልነዳ ሰው ሆኜ ይህ ነገር ለምን እንደዚያ እንዳንገበገበኝ ብጠየቅ አጥጋቢ መልስ የለኝም። ግን አንገብግቦኛል። ያን በልግና ተከትሎት የመጣውን ክረምት ሳስበው፣ ከዝናቡ ይልቅ የሚታወሰኝ ደረቴ ላይ ተቀምጦ አልነሳም ያለው ቅናት ነው።

እኔ ቦዲቲ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቤታችን ሶዶ ነው። ጠዋት ከመናኸሪያ ሚኒባስ ይዤ እሄዳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሼ እመጣለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ሲሆን፣ ለመምህርነት ተመድቤ መጥቼ እዚሁ ቀረሁ። ያስቀረችኝም እሷ ናት። እሷ የሶዶ ልጅ ናት፤ በከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት የመንገድ ደህንነት ባለሙያ ሆና ትሠራለች። በወላይትኛ ገበያ እገበያለሁ፣ ሰላምታ እለዋወጣለሁ፣ ለቅሶ ቤት ገብቼ የሚባለውን እላለሁ። ፈጠን ተደርጎ ሲወራ ግን ግማሽ መንገድ ላይ እቀራለሁ።

ስኩተሮቹ የመጡት በበልግ መግቢያ ነው። ከሐዋሳ የመጣ አንድ ድርጅት በዩኒቨርሲቲው በር፣ በስታዲየሙ አጠገብና በመናኸሪያው ፊት ለፊት ደረደራቸው። በኤሌክትሪክ የሚሄዱ፣ ቆመው የሚነዷቸው፣ ቀጫጭን ነገሮች ናቸው። ማንም ሰው በስልኩ ይከፍታቸዋል፣ የፈለገበት ይነዳቸዋል፣ ከደረሰ በኋላ ወርዶ ትቷቸው ይሄዳል። መከራው የመጣው ከዚህ ከመጨረሻው ነው። ሰው ስኩተሩን የትም ትቶት ይሄዳል። የሱቅ በር ላይ፣ ቦይ ውስጥ፣ የእግረኛ መንገድ መሐል ተጋድሞ ይገኛል። ጎደሬ ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች እሱን ለማለፍ አስፋልት ይገባሉ። ተማሪዎች ሁለትና ሦስት ሆነው ይሳፈሩበታል። የባጃጅ ሾፌሮች ደግሞ እንጀራችንን ነጠቁን ብለው በጡሩምባ ያስደነግጧቸዋል። አንድ ቀን በመናኸሪያው በኩል ሎተሪ የሚሸጡ ዓይነ ስውር ሰው፣ ዘወትር በዘንጋቸው እየዳሰሱ በሚሄዱበት መንገድ ላይ በተጋደመ ስኩተር ተደናቅፈው ወደቁና ፊታቸው ተላጠ። ከዚያ በኋላ ነው መመሪያ ይውጣ የተባለው። ረቂቁን የማዘጋጀት ሥራም ለባለቤቴ ተሰጣት።

"ያልነዳሁትን ነገር እንዴት ብዬ ሕግ አወጣለታለሁ?" አለችኝ እራት ላይ።

"ሰው ያልሞከረውን ሁሉ ሲከለክል አይደል እንዴ የሚውለው" አልኳት።

"እኔ እንደዚያ አልሠራም። ልማር ነው።"

"ማን ያስተምርሻል?"

ይሄኔ ፈገግ አለች። "የድርጅቱ ኃላፊ። ማን መሆኑን ብነግርህ አታምንም። አራተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ አብሮኝ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። ከዚያ ቤተሰቦቹ ይዘውት ሐዋሳ ገቡ። ዛሬ ቢሮ ሲገባ በዓይኔ አላወቅኩትም፤ እሱ ግን ገና ከበሩ በቤት ስሜ ጠራኝ።"

በቤት ስሟ የምንጠራት እናቷና እኔ ብቻ ነን። ቢሮ ውስጥ ማንም አያውቀውም። ያን ማታ እንጀራውን እየቆረስኩ አልዋጥ ያለኝ ይኼ ነበር። የማላውቀው ሰው፣ እኔ ከመምጣቴ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ያን ስም ይዞት ሄዶ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ "እሱ" የሚባል ሰው ገባ። "እሱ ፍጥነቱን ከማዕከል መቀነስ ይቻላል ይላል።" "እሱ ሐዋሳ ላይ ማቆሚያ ቦታ በቀለም አስምረው ነበር ይላል።" "እሱ ሄልሜት ግዴታ ከሆነ ማንም አይከራይም ይላል።" እኔ የተማሪ ፈተና እያረምኩ አዎ፣ እሺ፣ እላለሁ። አልፎ አልፎ ስልኳ ይጮኻል፤ ተነስታ በረንዳ ላይ ትወጣለች። እዚያ ቆማ በወላይትኛ ታወራለች። ድምጿ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ድንገት ትስቃለች፣ ወዲያው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች። ከመሐሉ የሚገባኝ "ፍሬን"፣ "ፓርኪንግ"፣ "ስፒድ" የሚሉት ቃላት ብቻ ነበሩ። ሰው ስለ ፍሬን እያወራ እንዴት እንደዚያ ፊቱ ይበራል እያልኩ አንዱን ወረቀት ሁለቴ አርም ነበር።

ስትመለስ ሁሉንም ትነግረኛለች። የምትደብቀው ነገር ቢኖር ምንኛ በወደድኩ። የሚደበቅ ነገር ቢኖር ይዤው እቆጣ ነበር። እሷ ግን ቁጭ ብላ፣ እግሯን አጣጥፋ፣ በአማርኛ አሳጥራ ትተርክልኛለች። የሚያናድደኝም ማሳጠሯ ነበር። በረንዳ ላይ ያ ሁሉ የተወራው፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይሆናል።

አማቴ፣ እናቷ፣ እሁድ እሁድ ይመጣሉ። የቃሪያ ዳጣ ፈጭተው በጠርሙስ ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ ከልጃቸው ይልቅ ለእኔ እንደሚያደሉ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ እሁድ ልጃቸው ወደ ጓዳ ስትገባ ጠብቄ ስለ ሰውየው ጠየቅኋቸው። አማርኛቸው ወንዱንም ሴቱንም በሴት ነው የሚጠራው።

"እሷ ልጅ?" አሉ። "በደንብ አውቃታለሁ እንጂ። ጎረቤት ነበረች። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ ልጄን ትጠብቃለች። አብረው ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ሲጣሉ፣ ሲታረቁ፣ ሲጣሉ፣ ሲታረቁ። ስትሄድ ልጄ ስታለቅስ ሰነበተች።"

"አለቀሰች?"

"ልጅ ነበረች፣ ልጄ" አሉና ፊቴን አይተው ዳጣውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

የልጅ ልቅሶ መሆኑን አውቃለሁ። የአራተኛ ክፍል ልጅ ለድመትም ያለቅሳል። ቢሆንም ያን ቀን ምሳ ስበላ፣ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቃት ትንሽ ልጅ አብሮን ማዕድ የተቀመጠ እስኪመስለኝ ድረስ ታየኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስታዲየሙ ጋ ሊያለማምዳት እንደሆነ ነገረችኝ። "ና እይ" ብትለኝ ሥራ አለኝ አልኳት። ሥራ አልነበረኝም። ከወጣች በኋላ ጫማዬን አድርጌ ተከተልኩ፤ ከመንገዱ ማዶ ካለው ጭማቂ ቤት ገብቼ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። አቮካዶ አዘዝኩ፤ አልጠጣሁትም።

ሰውየው ረጅም ነው። ጃኬቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቅሎታል። እሷ ስኩተሩ ላይ ቆማለች፣ ሄልሜት አድርጋለች፣ ቀሚሷን በሱሪ ለውጣለች። እሱ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ከጎኗ ይሮጣል። ከዚያ ለቀቃት። ብቻዋን ትንሽ ሄደች፣ ተንገዳገደች፣ እግሯን አወረደችና ወደ ኋላ ዞራ የሆነ ነገር ጮኸችበት። እሱም መለሰላት። ሁለቱም ሳቁ። እንደገና ጀመሩ። አንዴ ሊደግፋት እጁን ጀርባዋ ላይ አደረገ። መያዝ እንኳን አይባልም፤ የሚወድቅ ዕቃ ሊያነሳ እንደተዘጋጀ ሰው በመዳፉ ነካ አድርጎ ወዲያው አነሳው። እኔ ግን ብርጭቆውን አጥብቄ በመያዜ አስተናጋጇ መጥታ "ጋሼ፣ ጭማቂው ተበላሽቷል እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ቤት ቀድሜያት ደረስኩ። ፀጉሯ በሄልሜቱ ተጫጭኖ፣ ጉንጯ በብርድ ቀልቶ ገባች።

"ነዳሁ" አለችኝ። "ብቻዬን ዞርኩ።"

"እኔም እኮ ላስተምርሽ እችል ነበር።"

"አንተ መቼ ነድተህ ታውቃለህ?"

"ሚዛን ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የማስተምረው እኮ እሱን ነው።"

ሳቀች። ቀልዴን መስሏት ነው የሳቀችው። ስቃ ስታበቃ ደግሞ አየችኝና "ምነው፣ ደክሞሃል?" አለችኝ። ደክሞኛል አልኳት።

ክረምቱ ገባ። የእኛ ከተማ ሜዳ እንደሌላት የሚያውቅ ያውቃል። ከዳሞታ ተራራ በኩል በሚወርደው መንገድ፣ በደረቅ ቀንም ቢሆን ባጃጅ በፍሬን እያቃሰተ ነው የሚወርደው። ሲዘንብ ኮብልስቶኑ እንደ ሳሙና ይሆናል። ባለቤቴ ረቂቁን ስትጽፍ ያንን ቁልቁለት ምን እንደምታደርገው ጨንቋት ነበር። ሰውየው ፍሬኑ ይይዛል ይላታል፤ እሷ ዝናብ ላይ ሳላየው አላምንም ትለዋለች። ይህን የነገረችኝ በአጭሩ ነው፤ እኔም በአጭሩ ሰማሁት። አንድ ቀን ካፊያው እንዳባራ ሊሞክሩት አብረው ሄዱ።

እኔ ክፍል ውስጥ ስለነበርኩ ስልኬ ዝግ ነበር። ስከፍተው ከአማቴ የተደወለ ጥሪ ተደርድሮ አገኘሁ። መልሼ ስደውል "ወድቃለች፣ እጇ ነው፣ ደህና ናት" አሉኝ። ከቦዲቲ ሶዶ ያለው መንገድ ያን ቀን አላልቅ አለኝ። ሚኒባሱ ሰው ለመጫን በቆመ ቁጥር እግሬ ወለሉን ይረግጣል።

ሆስፒታል ስደርስ ቀኝ እጇ ከክርኗ በታች ጀሶ ውስጥ ገብቷል። አገጯ ላይ ተጭሯል። ሰውየው አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ቦርሳዋን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ አንድ ጫማዋን በእጁ ይዟል። ስገባ ሁለቱ በወላይትኛ እየተነጋገሩ ነበር፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ግን በፍጥነት። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አላት። ዓይኗ እንባ አቅሯል። እኔን ሲያይ ተነሳ።

"እርስዎ ባለቤቷ ነዎት" አለኝ። "ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ።"

"እኔም ስለ አንተ" አልኩት። አንተ ማለቴ ለራሴ ጆሮም ከበደኝ። ቦርሳዋንና ጫማዋን ተቀበልኩት። ጫማው በእሱ እጅ ሞቆ ነበር።

"ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?" አልኳት ሰውየው ሲወጣ። "ያምሻል?"

"እጄ አይደለም" አለች። "አሁን ተወኝ።"

ተውኳት። ባጃጅ ይዤ ወደ ቤት ሳስገባት፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ትከሻዋን አቅፌ እይዛለሁ፤ በልቤ ግን የሚመላለሰው ያ ጎንበስ ብሎ የተናገራት ነገር ምን ይሆን የሚለው ነው። እጇ ካልሆነ የሚያስለቅሳት፣ ታዲያ ምንድን ነው?

በነጋታው ቅዳሜ ነበር። ሻይ ሠራሁላት፣ ዳቦውን ቆርሼ ሰጠኋት። ከዚያ ብዙ ጊዜ ያመቅኩት አፈተለከ።

"ከዚህ ሰውዬ ጋር ያለሽ ነገር ምንድን ነው?"

ዳቦውን አስቀመጠች። "ሥራ ነው።"

"ሥራ እንደዚህ አያስቅም። እንደዚህም አያስለቅስም።"

"ያንተ ሥራ ስለማያስቅህና ስለማያስለቅስህ ነው" አለች፤ ረጋ ብላ፣ ለመስደብ ሳይሆን እውነቱን እንደሚናገር ሰው። ከስድብ ይልቅ ያ ባሰኝ። ተነስቼ ግቢ ወጣሁ፣ ሎሚው ሥር ቆምኩ። ለብዙ ቀን የተነጋገርነው ስለ ጨውና ስለ ውሃ ብቻ ነው።

በአንድ እጇ መጻፍ ስላልቻለች ረቂቁን ሌላ ሰው መጻፍ ነበረበት። እኔ ልጻፍልሽ አልኳት፤ እርቅም ነበር ሐሳቤ። "ቢሮ ያለችው ጸሐፊ ትጽፍልኛለች፣ አንተ አትድከም" አለችኝ። ስለዚህ በዚያ ወረቀት ላይ ምን እንዳለ እሱም ጸሐፊዋም ያውቃሉ፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

መመሪያው ከመጽደቁ በፊት በከተማው አዳራሽ የሕዝብ ውይይት ተጠራ። ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ቀረሁ። አልነገርኳትም። ከኋላ፣ ከባጃጅ ሾፌሮች መሐል ተቀመጥኩ። ተማሪዎች ነበሩ፣ ባለሱቆች ነበሩ፤ ፊታቸው ላይ ጠባሳ የቀረባቸው ሎተሪ ሻጩም በፊተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል። ሰውየው ሙሉ ልብስ ለብሶ በስተቀኝ በኩል ነበር።

ባለቤቴ እጇን በነጭ ጨርቅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወጣች። ድምፅ ማጉያውን በግራ እጇ አስተካከለች። በአማርኛ ነበር የተናገረችው፤ ስብሰባው ላይ ከየክልሉ የመጣ ሰው ስላለ። ስኩተር በቀለም በተሰመረ ቦታ ብቻ ይቆማል፤ ሌላ ቦታ ከተተወ ኪራዩ አይዘጋም። አንድ ስኩተር አንድ ሰው ብቻ ይጭናል። በገበያ ቀን በገበያው ዙሪያ ፍጥነቱ ከማዕከል ይቀነሳል። የወደቀ ስኩተር ከእግረኛ መንገድ ላይ ሳይዘገይ የሚያነሳው ድርጅቱ ነው። ከዚያ ቆም ብላ፣ "ከዳሞታ በኩል የሚወርደው መንገድ ለስኩተር ሙሉ በሙሉ ዝግ ይሆናል" አለች።

ሰውየው እጁን አወጣ።

"ክብርት ባለሙያዋ ይህን መመሪያ የጻፉት ለሌላ ከተማ ነው" አለ። "ሶዶ ሜዳ የላትም። ቁልቁለቱን ከዘጉ ግማሹን ከተማ ዘጉ ማለት ነው። እዚያ ላይ የሚኖረው ሰው ምን ይሁን?"

"በእግሩ ይውረድ፤ ወይ በባጃጅ" አለች። ሾፌሮቹ ዙሪያዬን አጨበጨቡ። "እርስዎ ፍሬኑ ይይዛል ብለውኝ ነበር።"

"ይይዛል። እርስዎ በአንድ ጊዜ አጥብቀው ስለያዙት ነው የወደቁት። ቀስ ብለው ይያዙት ብዬ ነግሬዎታለሁ። ሆስፒታልም ነግሬዎታለሁ።"

አንገቷ ሲቀላ ከኋላ ሆኜ አየሁት።

"አዎ፣ ሆስፒታልም ነግረውኛል" አለች። "እጄ ጀሶ ውስጥ ሆኖ፣ ጥፋቱ የአንቺ ነው ሲሉኝ ነበር። እሺ፣ የእኔ ይሁን። እኔ ግን ሳምንታት ሙሉ ተለማምጃለሁ። ያስተማሩኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ሄልሜት አድርጌያለሁ። እርስዎ ከጎኔ ነበሩ። ይህ ሁሉ ሆኖ ከወደቅሁ፣ ትናንት በስልኩ ከፍቶ ዛሬ የሚወርድበት ተማሪ ምን ይሆናል? ሕግ የሚወጣው ላልተሳሳተ ሰው አይደለም።"

"እንግዲያው ባጃጅንም ይዝጉት። እሱም ተገልብጦ ያውቃል።"

"ለባጃጅ መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል። እርስዎ ምን ይጠይቃሉ? ስልክ።"

እሱ ሊናገር ሲል ሎተሪ ሻጩ ከተቀመጡበት ሆነው "ልጄ፣ ይህ ነገር ሲመጣ አይሰማም" አሉ። "ባጃጅ ቢያንስ ይሰማኛል።" ባለቤቴ ይህን ሰምታ ወዲያው ጎንበስ ብላ ለጸሐፊዋ ነገረቻት፤ ስኩተሮቹ ሲንቀሳቀሱ ድምፅ እንዲያወጡ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው መመሪያው ውስጥ የገባው።

ከዚያም ቀጠሉ። እሱ አንድ ይላል፣ እሷ ትመልሳለች፣ ሳትጨርስ ይገባል፣ እጇን አንስታ ታስቆመዋለች። እርስዎ፣ እርስዎ ይባባላሉ፤ በቃላቱ መሐል ግን አንድ ዴስክ ላይ ለእርሳስ የሚታገሉ ልጆች ይታዩኝ ነበር። በረንዳ ላይ ያን ሁሉ ቀን ምን ሲወራ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ሲጣሉ ነበር። ቁልቁለቱን፣ ማቆሚያውን፣ ሄልሜቱን፣ እያንዳንዱን መስመር ተጣልተውበታል። ሆስፒታል ጎንበስ ብሎ የነገራት የፍቅር ቃል አልነበረም፤ ጥፋቱ የአንቺ ነው ነበር ያላት። ያስለቀሳትም እልህ ነው።

እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ ለአፍታም ብዬ ነበር። ግን ወዲያው ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗ ያበራል። ተሰብራ፣ ደክማ፣ አንድ እጇ ታስሮ፣ እንደዚያ በሕይወት ያለች ሆና አይቻት አላውቅም። እኔና እሷ ተጣልተን እናውቃለን፤ የእኛ ጠብ ግን ዝምታ ነው። እኔ ሎሚው ሥር እቆማለሁ፣ እሷ ዕቃ ታጥባለች። ከእኔ ጋር እንደዚህ ፊት ለፊት፣ ቃል በቃል፣ አንዱ ሌላውን እያነቃ ተጣልታ አታውቅም። ከዚያ በፊት የቀናሁት በሳቋ ነበር፤ ያን ቀን በጠቧ ቀናሁ፤ ይሄኛው ደግሞ ጠለቅ ያለ ነበር፤ ምክንያቱም በጥርጣሬ ሳይሆን በዓይኔ ባየሁት እውነት ነው የቀናሁት።

በመጨረሻ አንድ ነገር ላይ ተስማሙ። ስኩተር ዳገቱን መውጣት ይችላል፤ መውረድ አይችልም። ላይ የደረሰ ሰው በተሰመረው ቦታ አቁሞት ይሄዳል፤ ድርጅቱ ደግሞ በፒካፕ ጭኖ ያወርዳቸዋል። ሐሳቡ የእሱ ነበር፤ ከአፉ ወስዳ ቃል ያስገባችው እሷ ናት። እስካሁን የሚሠራበት ይኸው ነው። ከሰዓት በኋላ ፒካፑ ስኩተሮቹን እንደ ማገዶ ደርድሮ ሲወርድ ሕዝቡ ይስቃል።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆሜ አገኘችኝ። አልደነገጠችም።

"ከመቼ ጀምሮ ነበርክ?"

"ከመጀመሪያው።"

"እና?"

"አሸነፍሽው" አልኳት።

"ግማሹን" አለችና ቦርሳዋን ሰጠችኝ።

መስከረም ላይ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ካለፈ በኋላ ሰውየው ወደ ሐዋሳ ተመለሰ። ከመሄዱ በፊት ባለቤቴ ምሳ ጠራችው። ሥጋውን የቆረጥኩለት እኔ ነኝ፤ ዳጣውንም አቀረብኩለት። ጨዋ ሰው ነው። ስለ ሁለት ልጆቹ አወራን፣ ስለ ደብረ ማርቆስ ጠየቀኝ። በሩ ላይ ስሸኘው እጄን ጨብጦ፣ "አንተ ታድለሃል፣ እሷን በየቀኑ ትከራከራታለህ" አለኝ። በሰላም ግባ አልኩት።

በእሱ ቦታ የተተካው ወጣት ለሁሉም ነገር እሺ የሚል ሰው ሆነ። ይህን ቦታ አስምሩ ስትለው እሺ፣ ይህን ቀንሱ ስትለው እሺ። ጀሶው ተፈትቶላት፣ ሥራው ቀሎላት፣ ቤት ስትገባ ግን ዝም ትላለች። በረንዳው ላይ ማንም አይወጣም። አንድ ቀን ምን ሆነሽ ብላት "ምንም፤ ሁሉም ነገር እሺ ነው" አለች። ያን ስትል በሌለ ሰው ደግሞ ቀናሁ።

ባለፈው ወር የትምህርት ቤቶችን በር አካባቢ የሚመለከተውን አንቀጽ እያሻሻለች ነበር። ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን ዘርግታ ታነባለች። ተማሪ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት ስኩተር በትምህርት ቤት በር ቀስ ብሎ ይለፍ የሚል ነው። ከጀርባዋ ቆሜ አነበብኩት።

"ይሄ አይሠራም" አልኳት።

"ምኑ?"

"ሰዓቱ። ትምህርት ቤት በፈረቃ ነው። የጠዋቶቹ ሲወጡ የከሰዓቶቹ ይገባሉ። ፈተና ያለ ቀን ደግሞ ቀድመው ይለቀቃሉ። በሰዓት ከሆነ፣ ሕጉ ተኝቶ ልጆቹ መንገድ ላይ ናቸው።"

"ቀኑን ሙሉ ቀስ በሉ ብዬ ሁሉንም መንገድ ልዝጋ?"

"ትምህርት ባለበት ቀን፣ አዎ።"

"በከተማው ውስጥ ስንት ትምህርት ቤት እንዳለ ታውቃለህ? ስኩተሩ የትም አይደርስም እኮ። አንተ በሩ ላይ የቆሙትን ብቻ ነው የምታየው።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ ወደ ግቢ እወጣ ነበር። አልወጣሁም። ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። "በሩ ላይ የቆሙትንማ ማየት አለብኝ፤ ተማሪዎቼ ናቸው" አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ ዞራ አየችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታየኝ ዓይነት። ከዚያ "ተሳስተሃል፣ ለምን እንደተሳሳትክ ደግሞ ልንገርህ" ብላ ጀመረች። ድምጿ ወጣ። የእኔም ወጣ። ወጡ ቀዘቀዘ። አማቴ ያን ቀን እኛ ጋ ነበሩና ከጓዳ ብቅ ብለው፣ "ምን ሆናችሁ?" አሉ፤ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ "ምንም" አልናቸው።

እስካሁን አልተስማማንም። አንቀጹ ግማሹ በእኔ ቃል፣ ግማሹ በእሷ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ አለ። ዛሬ ጠዋት ሚኒባስ ልይዝ ስወጣ በሩ ድረስ ተከትላኝ መጣች፤ ስለ ፈረቃው አዲስ ሐሳብ አላት፤ እየተከራከርን መናኸሪያ ደረስን።